ግራ እጇን ያወጣችው ልጅ

መምህር ክብሩ በጠመኔ የነጣ እጁን አጨብጭቦ ክፍሉን ጸጥ አሰኘ።

«ነገ ዶክተሩ ሲመጡ ጥያቄ ይጠየቃል። ሁላችሁም እጅ ታወጣላችሁ፤ ማንም እንዳይቀር! መልሱን የሚያውቅ ቀኝ እጁን፣ የማያውቅ ግራ እጁን። መምህርት ሮሆቦት የምትጠራው ቀኝ ያወጣውን ብቻ ነው። ገባችሁ?»

«አዎ ቲቸር!» አሉ በአንድ ድምፅ። እንዴት አይገባቸው! ከትንሽነታቸው ጀምሮ ተቆጣጣሪ በመጣ ቁጥር ሲያደርጉት የኖሩት ነው። ነገ የምጠይቀውን ጥያቄ ከነመልሱ አስጠናቸው። እኔ ከኋላ ዴስክ ተቀምጬ ጥርሴን ነከስኩ።

ሮሆቦት እኔ ነኝ። የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ስሆን፣ ታቦር ተራራ ሥር ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍልን ለልምምድ አስተምራለሁ። መምህር ክብሩ የክፍሉ መምህር ነው፤ እኔን እንዲያሠለጥን ተመድቧል። አሠለጠነኝ ብል ውሸት ነው። በመጣሁበት ሳምንት ጠመኔውን አስረክቦኝ መምህራን ማረፊያ ዳማ ሊጫወት ሄደ። እኔ ትዝ ያልኩት ገና ዛሬ ነው። ነገ ዶክተር ወልደአማኑኤል ከዩኒቨርሲቲ መጥተው ሳስተምር ያያሉ፤ ካላሳለፉኝ ዘንድሮ አልመረቅም።

ከክፍል እንደወጣን «መምህር፣ ይኼ እኮ ማታለል ነው» አልኩት።

«ለአንቺ ብዬ ነው እንጂ!» አለና ሳቀ። ሳቁ ራሱ ያናድዳል። «ተማሪው እጅ ካላወጣ አላስተማረችም ይሉሻል። ደግሞ ያቺን ኡሙልኸይርን እንዳትጠሪያት። አፏ አያርፍም።»

ኡሙልኸይርን! አባቷ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣል። እኔ ስመጣ ድምፅዋ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ መምህር አልነበረም። «አላውቅም ማለት ነውር አይደለም» እያልኩ፣ አንዳንዴ እየለመንኩ አንዳንዴም እየተቆጣሁ፣ ስንት ሳምንት ለፍቼ አፏን ያስከፈትኳት ልጅ ናት። አሁን መልሼ ልዝጋው? ደሜ ፈላ።

በማግስቱ ዶክተሩ መጡ። ጉልበታቸው ከዴስኩ ሥር አልገባ እያለ ከተማሪዎቹ ጋር ተቀመጡ። መምህር ክብሩ በሩ ላይ ቆመ። የዕለቱ ትምህርት ኢነርሺያ፣ የሚሄድ ነገር መሄዱን የመቀጠል ባሕርዩ ነበር።

«ባጃጅ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ተሳፋሪው ለምን ወደ ፊት ይሄዳል?» ብዬ ጠየቅሁ። የክፍሉ እጅ ሁሉ ተነሳ። ዶክተሩ ፈገግ አሉ። ቀኝ ያወጣ ልጅ ጠራሁ፤ የትናንቱን መልስ ቃል በቃል አነበነበልኝ። ሁለተኛውንም ጥያቄ እንደዚያው። እየጠራሁ ራሴን ጠላሁት።

ሦስተኛውን ስጠይቅ ኡሙልኸይርን አየኋት። ሌሎቹ ግራ እጃቸውን ለይስሙላ ነው ያወጡት። እሷ ግን ክንዷ እስኪገነጠል ዘርግታ፣ ከመቀመጫዋ ብድግ እያለች ታየኛለች። የማታውቀው ነገር እንዳለ በእውነት እየነገረችኝ ነበር።

«ኡሙልኸይር» አልኩ።

ክፍሉ ደነገጠ። መምህር ክብሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እሱን አላውቅም ቲቸር» አለች ተነስታ። «ግን ሌላ ነገር አለ። ባጃጁ ሲታጠፍ ወደ ውጭ ይገፋናል አይደል? ዛሬ ጠዋት ዳር ተቀምጬ ልወድቅ ነበር። ማነው የሚገፋን?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ማን ያስጠናል! ክፍሉ ተንጫጫ። አንዱ ሹፌሩ ነው አለ፣ አንዷ ነፋሱ ነው አለች፣ ከኋላ ያለው «የሚገፋ የለም!» ብሎ ጮኸ። በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ተናግረው የማያውቁ ልጆች ተከራከሩ። እኔም ባጃጁንና መታጠፊያውን ሰሌዳው ላይ መሣል ጀመርኩ። ግማሹን እንደሣልኩ ተደወለ። እንደዚያን ቀን አስተምሬ አላውቅም።

ዶክተሩ ግቢው ውስጥ ዛፍ ጥላ ሥር አቆሙኝ።

«ዕቅድሽን አልጨረስሽም። ክፍሉም ከእጅሽ ወጥቶ ነበር።»

«ዕቅዱን አልጨረስኩም፣ እውነት ነው» አልኩ።

«ደግሞ» አሉ መነጽራቸውን እየጠረጉ፣ «ግራ እጇን ያወጣችውን ልጅ ምን ብለሽ ጠራሻት?»

ስለ ቀኝና ግራው እኔ አልነገርኳቸውም።

«ያውቁ ነበር?»

«ክብሩ እኮ የእኔ ተማሪ ነበር» አሉ ሳያፍሩ። «እኔም ለልምምድ ስወጣ በዚሁ ነው ያለፍኩት። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ያልፋል። አንቺ ግን በሚቀጥለው ዓመት ትደግሚያለሽ።»

«ታዲያ ምን ሊያዩ መጡ?» አልኩ። ጮኼ ነበር፤ የዘበኛው ራስ ከበሩ ብቅ አለ። «የሚያውቁትን ውሸት ለማየት ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጡት?» መኪናቸው ውስጥ ገብተው በሩን ዘጉ።

ቦርሳዬን ላነሳ ስመለስ ኡሙልኸይር ክፍሉ በር ላይ ቆማለች። ወሬው ቀድሞኛል።

«ቲቸር፣ በእኔ ምክንያት ነው አይደል?» አለች መሬት መሬት እያየች። «ይቅርታ። ሁለተኛ እጅ አላወጣም።»

አልመረቅም ሲሉኝ ያልመጣው እንባ አሁን መጣ። የንዴት እንባ ነበር። ከትከሻዋ በላይ ወደ ክፍሉ ሳይ መምህር ክብሩ ሰሌዳው ጋ ቆሞ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ግማሹን የሣልኩትን ባጃጅ ሊያጠፋ ነው።

«እንዳያጠፉት!» ብዬ ገባሁና ዳስተሩን ከእጁ ነጠቅሁት።

«ሮሆቦት፣ አለቀ እኮ። ወድቀሻል» አለ።

«እኔ ወድቄያለሁ። ጥያቄዋ ግን አልተመለሰም» አልኩና ወደ በሩ ዞርኩ። «ኡሙልኸይር፣ ግቢና ተቀመጪ። ማነው የሚገፋን ነው ያልሽው?»