የጋሽ ይመር ተራ

ጋሽ ይመር ሐምሌ ሰባት ቀን ሞቱ። ነገር ግን ከሚስታቸው ከእትዬ ደብሪቱ ጋር የጀመሩት የሰንጠረዥ ጨዋታ ገና ወረራ ላይ ስለነበረ፣ በማግስቱ ከቀብራቸው መልስ መጥተው ቦታቸው ላይ ተቀመጡ።

በወረራ ጊዜ ተራ የለም። የመጀመሪያው ወታደር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች የፈለጉትን ያህል፣ በፈለጉት ሰዓት ያንቀሳቅሳሉ። አንድ ወታደር ከተበላ ጨዋታው ተጀመረ ይባላል፤ የተጀመረ ጨዋታ ደግሞ ያልቃል። ሲያልቅ ጋሽ ይመር መሄዳቸው ነው። ይህን በቤቱ ያሉት ሦስቱም ያውቁ ነበር፤ አፍ አውጥቶ የተናገረው ግን የለም።

ሦስተኛው ሰው ተከራያቸው ሚልክያስ ነው። ወጣት የመሬት ቀያሽ ነው፤ አንድን ርዝመት ሦስት ጊዜ ሳይለካ አይጽፍም፣ ጽፎም አያምነውም። የሰንጠረዡ ገበታ የሚቀመጠው በምግብ ጠረጴዛው ላይ ስለሆነ ከእራት በፊት መነሳት አለበት። ስለዚህ ሚልክያስ አመሻሽ ላይ የእያንዳንዱን ጠጠር ቦታ አንድ የቼዝ ድረ ገጽ ላይ ይመዘግባል፤ ሊንኩን ጅማ ላለችው ልጃቸው ለስኂን ይልካል፤ ጠዋት ያንኑ እያየ መልሶ ይደረድራል። አንድ ፈረስ በአንድ ቤት ቢያዛንፍ ሰው የሚገድል ይመስለዋል። ስኂን ሁልጊዜ «አባዬ ዛሬም አለ፤ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ትመልሳለች።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሁለቱ ጦሮች ተፋጠጡ። ሳይበላ መንቀሳቀስ የሚችል አንድም ጠጠር አልቀረም። በዚያው ዕለት ድረ ገጹ አዲስ ጥያቄ አመጣ።

«ተራው የማን ነው ይላል» አለ ሚልክያስ።

«የማንም አይደለም በለው» አሉ እትዬ ደብሪቱ።

«ባዶውን አይቀበልም፣ እትዬ።»

እትዬ ደብሪቱ ገበታውን ትክ ብለው አዩት። «እንግዲያው የሱ ነው በል።»

ጋሽ ይመር ሳቁ። «አርባ ዓመት ሙሉ ተራዬን ስትቀሚኝ ኖረሽ፣ ዛሬ ሰጠሽኝ?»

«ሰጠሁህ። ተራህ ስለሆነ እኔ እጄን አላነሳም። አንተ ግን ደህና አድርገህ አስብበት፤ ማን ያጣድፍሃል?»

ሚልክያስ የማሰቢያ ጊዜ ከሚለው ሥር «ገደብ የለውም» የሚለውን መረጠ። አራት ጊዜ አረጋገጠ። እትዬ ደብሪቱ ግንባሩን ሳሙት።

«ተባረክ ልጄ።»

ጋሽ ይመር እስከ ዛሬ እያሰቡ ነው። ገበታው አይነሳም፤ እራት ጉልበት ላይ ይበላል፤ ቅር ያለው የለም። ስኂን በየቀኑ ገብታ ታይና «እያሰበ ነው፣ ተመስገን» ብላ ትጽፋለች።

ባለፈው እሑድ ድረ ገጹ ጨዋታውን አርባ አንድ ሰዎች እየተመለከቱት መሆኑን አሳየ። ሊንኩ የተላከው ለስኂን ብቻ ነው። ሚልክያስ ተሳስቶ እንደሆነ ደጋግሞ አየ፤ ከዚያ ገበታው ወዳለበት ሳሎን ገባ። የእድሩ ወንበሮች በዝናቡ ምክንያት ሳይመለሱ በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረው ቀርተዋል። አንድ በአንድ መቀመጫቸው ላይ እጁን እያሳረፈ ፈተሻቸው። አርባ አንዱ ሞቅ ያሉ ነበሩ። በሩ አጠገብ ያለው ብቻ ገና ቀዝቃዛ ነበር።