የእሁድ ጥያቄዎች

ማርቫ ሄክት ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የመኪና መቀመጫ ልብስ የሰፋችበት የኦሃዮ ፋብሪካ ከተዘጋ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ለሥራ አጥ ድጎማ መሥሪያ ቤት ትደውላለች። የሚያናግራት ማሽን ነው። ሥራ ፈልገዋል? አንድን ይጫኑ። በዚህ ሳምንት ሠርተዋል? እዚህ ላይ ሁልጊዜ ሁለትን ትጫናለች፤ አልሠራሁም ማለት ነው።

በዚያ የሰኔ እሁድ ግን ጣቷ ቁጥሮቹ ላይ ሳያርፍ ቀረ። ሐሙስ ዕለት ጎረቤቷ ጃኒን ታማባት፣ በእሷ ፈንታ መንገድ ዳር እንጆሪ ስትሸጥ ውላ ስልሳ ዶላር ተቀብላለች።

«ሁለትን ተጫኚና ገላግዪን» አለ ባሏ ዴልበርት ከሶፋው ላይ። «ለአንድ ቀን እንጆሪ ማን ሰላይ ይልክብሻል?»

«ቢደርሱበትስ? የበላሽውን ሁሉ ትፊ ቢሉኝስ?»

«ብትነግሪያቸውስ? ፋይልሽን ይዘው ቢቀመጡስ?»

ሁለቱም ወገን ያስፈራል። የግዛቱ ድጎማ ካለቀ ቆይቷል፤ እስካሁን ያኖራቸው ዋሽንግተን ያለው የፌዴራሉ መንግሥት የሚያራዝመው ነው፤ እሱም በደረጃ ተከፋፍሎ የሚሰጥ። ማርቫ ያለችበት ደረጃ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ወደሚቀጥለው የሚያሻግራት ሕግ ደግሞ ጊዜው አልፎበት፣ ሴናተሮቹ ይታደስ አይታደስ እያሉ ይነታረካሉ።

አንድን ተጫነች። ማሽኑ «ጥያቄዎ ለምርመራ ተላልፏል» ብሎ ዘጋባት።

ከዚያ በኋላ የፖስተኛው መኪና በመጣ ቁጥር እየሮጠች ትወጣ ጀመር። የመሥሪያ ቤቱ ስልክ እንደሆነ ጠዋትም ማታም ተይዟል። ሁለቱ ሳምንት አለፈ፤ ገንዘብም የለ፣ ደብዳቤም የለ። ሴናተሮቹ የነፃነት ቀንን ሊያከብሩ ድምፅ ሳይሰጡ ወደየቤታቸው ሄዱ።

«አይ ያንቺ ነገር!» አለቻት ጃኒን በአጥሩ በላይ። «ለመንግሥት ሁሉንም የሚዘከዝክ ካንቺ ሌላ ማን አለ? ፓስተሩ እንኳ አያደርገው!»

ማርቫ ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም።

አንድ ጠዋት ማቀዝቀዣውን ስትከፍት የዴልበርት የኢንሱሊን ብልቃጥ ዓይኗ ገባ። በዚያ ሰሞን ማለቅ ነበረበት። ገና ግማሹ አለ።

«ዴል፣ ስንት ስንት ነው የምትወጋው?»

«የሚበቃኝን።»

«ዓይኔን እያየህ ንገረኝ!»

አቀረቀረ። «ግማሽ ግማሹን። እስኪያራዝሙት ነው እንጂ…»

አልጮኸችበትም። ሙሉውን መጠን ራሷ ቀድታ ወጋችው። ከዚያ መኪናዋን አስነስታ አርባ ማይል ርቆ ወዳለው፣ ሥራ አጦችን ወደሚያስተናግደው የሥራ ማዕከል ሄደች።

ጠረጴዛው ጋ ያገኘችው አንድ ራሰ በራ ሽማግሌ ነው። «እዚህ ውሳኔ አንሰጥም፣ ወይዘሮ። በስልክ ነው።»

«ስልኩን ሦስት ሳምንት ደወልኩት። ባሌ መድኃኒቱን መቆጠብ ጀምሯል። ከዚህ ወንበር አልነሳም!» የገዛ ድምጿ የሌላ ሰው መሰላት።

ሰውዬው ግራ ቀኙን አይቶ በውስጥ መስመር ደወለ። ጠበቀ፤ አነጋገረ፤ ደግሞ ጠበቀ።

«ስልሳ ዶላር?» አለ በመጨረሻ። «ይቺማ ከሳምንት ድጎማዎ አንድ አምስተኛውን አታልፍም፤ ምንም አይቀነስብዎትም። የሚያየው ሰው ጠፍቶ ነው ወረቀትዎ የተኛው። አሁን ተለቋል።»

ማርቫ እንባዋን መቆጣጠር አቃታት። «ማራዘሚያውስ?»

«እሱን እኔም በቴሌቪዥን ነው የምጠብቀው» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የኔም ቅጥር እስከ መስከረም ነው።»

የሁለቱ ሳምንት ገንዘብ ገባ፤ በቀጥታ ወደ መድኃኒት ቤት ሄደ። በሐምሌ መገባደጃ ሕጉ ጸደቀ፤ በመሀል የተዘለሉት ሳምንታትም ባንዴ ተከፈሏት። ዴልበርት በደስታ ኬክ ገዝቶ ጃኒንን ጠራና ደብዳቤውን ጮክ ብሎ አነበበላቸው። እስከ ኅዳር መጨረሻ ተራዝሟል ይላል።

«ከዚያስ?» አለች ማርቫ።

«ዛሬን እንኳ ተይን እንጂ!» አለች ጃኒን፣ ኬክ አፏ ውስጥ እንዳለ።

ማርቫ ድርሻዋን ተቀብላ ሳትቀምሰው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። በዚያ አገር በረዶው የሚጀምረው ልክ ድጎማው በሚያልቅበት በኅዳር ነው።