ጀርባ ለጀርባ የተቀመጡት ተፈታኞች

ዊሊያም ያን ዕለት ከቤቱ ሲወጣ ሆዱ ባዶ፣ ልቡ ግን ጢም ብሎ ነበር። የባሮን ድልድይ በሩጫ ይሻገረው በእርምጃ፣ ኋላ ቢጠይቁት አያውቀውም። የሴፍቲኔት ጽሕፈት ቤቱ ዳታ ኢንኮደር ሊቀጥር ማስታወቂያ አውጥቶ፣ የፈተናው ቀን ደርሷል። ከየቀበሌው በእጅ ተሞልቶ የሚመጣውን የችግረኛ ቤተሰብ ቅጽ ኮምፒውተር ውስጥ የሚያስገባ ሰው ነው የሚፈለገው። ዊሊያም ደግሞ በጀማል ፎቶኮፒ ቤት የሰው ማመልከቻ ሲተይብ የከረመ ልጅ ነው። ጣቶቹ ቁልፎቹ ላይ ሲሮጡ ጀማል፣ «ቀስ በል እንጂ፤ ዝናብ መጣ ብዬ እኮ ወንበር ላስገባ ተነሣሁ» እያለ ይቀልድበታል።

ፈተናው ግን ለእሱ የእንጀራ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ኛማል የምትባል ልጅ አለች። ኛማል ቁርጡን ነግራዋለች።

«እናቴን ታውቃታለህ። የቢሮ ሥራ የሌለው ሰው ከብቱን ከዚህ እስከ ኢታንግ ቢያሰልፍላት እሺ አትልም። መጀመሪያ ሥራ ያዝ፣ ከዚያ አጎቶችህን ለሽምግልና ትልካለህ።»

«ታውቃታለህ» ማለቷ ለወሬ ማሳመሪያ ነው እንጂ ዊሊያም ሴትዮዋን አይቷት አያውቅም። ለዓመታት ኢታንግ ስትሠራ ኖራ በቅርቡ ነው ወደ ከተማ የተመለሰችው። ቢያያትም ይሸሻታል። በኑዌር ወግ፣ ወንድ ልጅ ሊያገባት በሚፈልጋት ልጅ እናት ፊት ሲበላ አይታይም። ፊት ለፊት አይተያዩም፤ መንገድ ላይ ቢገጣጠሙ እሱ ወደ ጎን ይታጠፋል። ንቀት አይምሰልህ፤ ይህ የአክብሮት ጥግ ነው።

ጽሕፈት ቤቱ ግቢ ሲደርስ ሰልፉ ከበሩ እስከ ኒሙ ዛፍ ተዘርግቷል። ከፊቱ የቆመችው ሞላ ያለች፣ ጥላ የያዘች፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ሴት ናት። ዓይኗን አጥብባ አየችውና በኑዌርኛ፣ «ጥላው ለሁለት ይበቃል፤ ግባ ልጄ» አለችው። ከዚያ ወዲያ ወሬ ጀመሩ። ሙቀትና ሰልፍ ያላስተዋወቁትን ሰው ማን ያስተዋውቀዋል?

ሳምቡሳ ሻጯ ዘኪያ ባልዲዋን አንጠልጥላ በሰልፉ ጎን መጣች። «ዊሊያም፣ ባዶ ሆድ ፈተና ይጥላል። ትኩስ ነው፤ ውሰድ።» እሱ ለራሱም ለሴትዮዋም ገዛ። ሴትዮዋ፣ «አንተ ልጅ፣ እናትህ በደንብ አሳድጋሃለች» አለችና ትገምጥ ጀመር። እሱማ እየጎረሰ ነው የሚያወራው።

«አግብተሃል?» አለችው።

«ላገባ ነው። ልጅቱ እሺ ብላለች። የቀረችኝ እናትየው ናት።»

«ምን ሆነች እናትየው?»

«አላየኋትም እንጂ ዝናዋን ሰምቻለሁ። ስትቆጣ አውራ ዶሮ እንኳ አሳቻ ሰዓት አይጮኽም አሉ።»

ሴትዮዋ ማኘኳን ቀነስ አደረገች። «እህ። ሌላስ ምን አሉ?»

ዊሊያም ሰሚ ያገኘ መስሎት ሌላ ሳምቡሳ አነሣ። «ኢታንግ ሳለች አለቃዋ ፈቃድ የሚጠይቀው እሷን ነው ይባላል። በበኩሌ እግዚአብሔርን የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ሥራውን ሳልይዝ እንዳላገኛት።»

«እግዚአብሔር ጸሎት ይሰማል» አለች ሴትዮዋ፣ በጣም ቀስ ብላ። «መልሱን ግን እሱ እንደወደደ ነው።»

ይህን ብላ ሳትጨርስ በበሩ በኩል አንዲት ልጅ እየሮጠች ገባች። ኛማል ናት። በእጇ መነጽር ይዛለች። «እማ! መነጽርሽን ጠረጴዛ ላይ ረስተሽ...» አለችና ቆመች። እናቷን አየች፤ ዊሊያምን አየች፤ በዊሊያም አፍና በዊሊያም እጅ መካከል ያለውን ሳምቡሳ አየች። ከዚያ አፏን በመዳፏ ከደነች።

ዊሊያም መዋጥም መትፋትም አቃተው። ፊቱን እንኳ ወዴት እንደሚያዞር አላወቀም። ሴትዮዋ መነጽሯን ተቀብላ ስታጠልቅ እሱ ከውሃው ሮቶ ኋላ ደርሷል።

ኛማል ተከትላው መጣች። ሆዷን ይዛ ጎንበስ ብላለች። ያለቀሰች መስሎት ሊያባብላት ሲጠጋ ለካ እየሳቀች ነው።

«ያ ሁሉ ሰልፍ ሞልቶልህ እናቴን መረጥክ?»

«ስለ ዶሮው ነግሬያታለሁ።»

«ስለ የትኛው ዶሮ?»

«ተይኝ። እኔ ወደ ጀማል ሱቅ ልመለስ።»

«ሞክራት» አለችው ሳቋን ዋጥ አድርጋ። «ፈተናውን ጥለህ ከሄድክ ሥራም የለህም፣ እኔም የለሁህም። ግባ።»

ገባ። አዳራሹ ውስጥ የጣሪያው ማራገቢያ የሞቀውን አየር ከወዲያ ወዲህ ያመላልሳል። ፈታኟ ወይዘሮ አልማዜ ናት፤ ጎጃም ተወልዳ ጋምቤላ ያረጀች፣ ሥራ ስትጀምር የምታማትብ፣ ሥርዓት የምትወድ ሴት። ሥርዓቱንም አስረዳች። በዚህ ቢሮ አንዱ ቅጹን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ይተይባል። ስለዚህ ፈተናውም ሁለት ሁለት እየሆኑ ነው፤ ካለፉ አብረው ያልፋሉ፣ ከወደቁም አብረው። ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር የጨመረ ወይም ያለውን የዘለለ ጥንድ አያልፍም። ሰዓቱ እስኪያልቅ ግን ማረም ይቻላል። ማን ከማን እንደሚጣመር የሚለየው ዕጣ ነው።

ዊሊያም ከቆቡ ውስጥ ዕጣውን አወጣ። ሰባት ቁጥር። «ሌላው ሰባት የማን ነው?» አለች ወይዘሮ አልማዜ። ከኋላው ያ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ ድምፅ፣ «የእኔ» አለ።

የፈጣሪን ሥራ ማን ይመረምረዋል። ዊሊያም ሰባተኛው ጠረጴዛ ሄዶ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀመጠ። ሴትዮዋም መጥታ ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀመጠች። ጀርባ ለጀርባ ሆኑ።

ወይዘሮ አልማዜ ሁለቱንም በየተራ አየቻቸው። «ተጣልታችኋል?»

ዊሊያም፣ «አልተጣላንም። እባክዎ ለሴትዮዋ ይንገሩልኝ፤ ሰልፍ ላይ ለሆነው ነገር ይቅርታ እጠይቃለሁ» አለ።

«ሴትዮዋ እኮ እዚሁ ናት።»

«ቢሆንም ይንገሩልኝ።»

ወይዘሮ አልማዜ ግራ እንደገባት ወደ ሌላው ወንበር ዞረች። «ይቅርታ ይልሻል።»

«ለልጁ ንገሪው» አለች ማን ኛማል፤ የኑዌር እናት በልጇ ስም ነው የምትጠራው፣ «ማን» በኑዌርኛ እናት ማለት ነው። «እኔ መነጽሬን ቤት ረስቼ ነበር። ሲበላ ያየሁት ሰው የለም። እሱስ እኔ ስበላ አይቷል ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ።»

«እሷ ስትበላ አይተሃል?»

ዊሊያም ትንሽ አሰበ። «ፀሐይ ዓይኔ ላይ ነበረች ይበሉልኝ።»

«ፀሐይ ዓይኑ ላይ ነበረች።»

«ጥላ ሥር ፀሐይ?» አለች ማን ኛማል። «ይሁን፣ ተቀብያለሁ። ስለ አውራ ዶሮው ግን ገና እንነጋገራለን በይው።»

«የምን አውራ ዶሮ?» አለች ወይዘሮ አልማዜ። እሷም ሰዓቷን አይታ፣ አማትባ፣ «ጀምሩ» አለች።

ማን ኛማል ማንበብ ጀመረች። እዚያው ኢታንግ፣ ኩሌ የስደተኞች ጣቢያ ለዓመታት በምዝገባ ላይ የሠራች ሴት ናትና ንባቧ የለመደ ነው። ስም፣ የአባት ስም፣ ቀበሌ፣ የቤተሰቡ ኃላፊ ጾታ፤ ቃሉን አጥርታ ትሰጠዋለች፣ እሱ ይቀበላታል። ፊቷን ማየት ስለማይችል ጆሮው ብቻ ነው የሚሠራው። ሌሎቹ ጥንዶች፣ «ምን አልክ?»፣ «እስቲ ወረቀቱን አሳየኝ»፣ «አንቺ ደግሞ ትፈጥኛለሽ» እየተባባሉ ሲነታረኩ፣ ሰባተኛው ጠረጴዛ ላይ ከድምፅና ከቁልፍ ኳኳታ በቀር ሌላ አይሰማም። እሱ ሲፈጥን እሷ ትፈጥናለች፤ እሷ ስትተነፍስ እሱ ይተነፍሳል። ዊሊያም ሳቅ ሳቅ አለው። ፍርሃቱ የት እንደገባ አላወቀም። እጁ የራሱ አልመስል አለው፤ ጀማል እንደሚለው ዝናብ ሆነ።

የመጨረሻው ቅጽ ላይ ደረሱ።

«አስተያየት፤» አለች ማን ኛማል፣ ድምፅዋን ሳትለውጥ፣ «ልጁ ቅዳሜ ጠዋት አጎቶቹን ወደ ቤታችን ይላክ።»

ዊሊያም ተየበው። አራት ነጥቡን መታ፤ ከዚያ ጣቶቹ አየር ላይ ቀሩ።

ስክሪኑን አነበበ። ደግሞ አነበበው። ጆሮው ድረስ ሞቀው። ወይዘሮ አልማዜ ከኋላው ደርሳ ወረቀቱን ከስክሪኑ ጋር እያስተያየች ነበር። «ይህ ከየት መጣ? ወረቀቱ ላይ አስተያየት የሚለው ባዶ ነው።»

«የተነበበልኝን ነው የጻፍኩት።»

«ልክ ነው፣ አንብቤለታለሁ» አለች ማን ኛማል ከመስኮቱ በኩል። «ወረቀቱ ላይ ግን የለም። የእሱ ጥፋት የለበትም፤ የሚወድቅ ካለ እኔን ጣይኝ።»

«ጥንድ ተለያይቶ አይወድቅም ብያለሁ። ሰዓቱ አላለቀም፤ ይጥፋ።»

ዊሊያም ጣቱን ማጥፊያው ቁልፍ ላይ አሳረፈ። ጣቱ ግን አልጫን አለው። ስንት የሰው ማመልከቻ፣ ስንት አቤቱታ ተይቧል፤ ለእሱ የተጻፈ አንዳች ነገር ግን ተይቦ አያውቅም። ይህን አጥፍቶ በኋላ «መቼ አልኩህ?» ብትለው ምን ይዞ ይሟገታል? ካላጠፋው ደግሞ ሥራ የለም፤ ሥራ ከሌለ ቅዳሜም የለም።

«ሦስት ደቂቃ» አለች ወይዘሮ አልማዜ።

«ምን ይጠብቃል?» አለች ማን ኛማል።

«እንጃ። ደንዝዟል።»

«ይላክ አይላክ አልመለሰልኝም። መጀመሪያ ይመልስ በይው።»

ወይዘሮ አልማዜ አሁን ነገሩ ገባት። ስንት ዘመን ጋምቤላ ኖራ ይህን ወግ በጆሮዋ ሰምታለች፤ መሃሉ ገብታ መልእክተኛ ስትሆን ግን የመጀመሪያዋ ነው። ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች። «ትልካለህ ወይ፣ አንተ ልጅ? ቶሎ በል፤ ፈተና ላይ ነን።»

«እልካለሁ ይበሉልኝ» አለ ዊሊያም፤ ድምፁ ቀጥኖ የሌላ ሰው መሰለው። «አሁኑኑ እልካለሁ። ቅዳሜስ ሩቅ ነው።»

«ቅዳሜ ብያለሁ ቅዳሜ ነው» አለች ማን ኛማል። ቀጥሎ የመጣው በአልማዜ በኩል አልነበረም። ጀርባዋን ሳታዞር፣ በኑዌርኛ፣ ቀስ ብላ፣ «አጥፋው ልጄ። ኮምፒውተሩ ቢረሳም እኔ አልረሳም» አለችው።

አጠፋው። ፊደል በፊደል ነው ያጠፋው፤ የመጨረሻዋን ሲያጠፋ ወይዘሮ አልማዜ «እጅ ወደ ላይ!» አለች። አዳራሹ በሙሉ እጁን አነሣ። ዊሊያም ሁለቱንም እጆቹን ነው ያነሣው፤ ለምን እንዳላወረዳቸው የጎረቤት ጠረጴዛ ሰዎች እየተያዩ ይጠያየቁ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ውጤቱ በሩ ላይ ተለጠፈ። ሰባት ቁጥር ከላይ ነበር። ኛማል ወረቀቱን አንብባ እናቷን አቀፈች። ዊሊያምን ከሩቅ አየችው፤ እሱ ከኒሙ ግንድ ኋላ አንገቱን ብቻ አውጥቶ እንደ ሰከረ ሰው ይስቃል።

ወይዘሮ አልማዜ የሥራ ክፍሉን ለሁለቱ ስታሳያቸው ግን አንድ ችግር ብቅ አለ። ክፍሉ አንድ፣ ጠረጴዛውም አንድ ነው። ነገ ከነገ ወዲያ አማችና አማት ሲሆኑ በየቀኑ አፍንጫ ለአፍንጫ እንዴት ይዋላል? ምሳስ?

«ምሳውን ውጭ እበላለሁ» አለ ዊሊያም ለግድግዳው። «ከክፍሉ አታውጡኝ እንጂ።»

«እኔም ከሱ የተሻለ ጆሮ አላገኝም» አለች ማን ኛማል ለመስኮቱ።

ወይዘሮ አልማዜ ዙሪያውን አየችና በጥግ የቆመውን የብረት ሸልፍ ጠቆመች። «እንግዲያው ይህ መሃል ይግባ። በዚያ በኩል ያዢ፤ አንተም በዚህ በኩል ያዝ።»

ሸልፉ ከባድ ነው። ማን ኛማል ከወዲያ ገፋች፣ ዊሊያም ከወዲህ ጎተተ። ብረቱ ሲሚንቶው ላይ እየጮኸ ሲንቀሳቀስ፣ ሁለቱም አይተያዩም፤ ሳቃቸው ግን በሸልፉ አናት ላይ ይገናኝ ነበር።

«ትንሽ ወደ አንተ» አለች ማን ኛማል።

«መጣ» አለ ዊሊያም።