ለዑምራ የታሰበችው

«ያላ ዘሃራ! ጀዋዝሽን አምጪ እንጂ፤ የጉዞ ወኪሉ እኮ ይዘጋብናል!»

ሱዳናዊቷ ሀጃ ሉጥፊያ ረጅሙን ነጠላ ልብስ፣ ቶባቸውን፣ ተከናንበው በሩ ላይ ቆመዋል። ሪያድ በሚባለው የከተማው ሰፈር ባለው ቤታቸው አምስት ዓመት ያገለገለቻቸውን ልጅ ለዑምራ ይዘዋት መካ ሊሄዱ ቆርጠዋል። ልጅቷ ግን የጎጃሟ ክርስቲያን የኔነሽ እንጂ ዘሃራ አልነበረችም። ሥራ ቶሎ እንድታገኝ ብላ ስሙን ያወጣችላት፣ ሰላቱንም ያስጠናቻት የወሎዋ ጓደኛዋ ጦይባ ናት።

የኔነሽ ፓስፖርቷን ለማምጣት ክፍሏ ገባችና ለጦይባ ደወለች።

«ዝም ብለሽ ሂጂያ!» አለች ጦይባ። «ወላሂ፣ እኔ ብሆን በእግሬም እሄዳለሁ።»

«እስከ አምና ቢሆን እሄድ ነበር።»

አምና ትኩስ ዘይት ሁለት እግሯን ልጦት፣ ሶባ ሆስፒታል ሁለት ወር ተኝታለች። መጀመሪያ ከፈጣሪዋ ጋር ተጣላች። ኋላ ግን ፋሻው ሲቀየር በልቧ እየጮኸች የምትጠራው ክርስቶስን ሆነ። ለዓመታት የደበቀችው ጌታ እሷን አልተደበቃትም፤ አልጋዋ ጫፍ ላይ የተቀመጠ ያህል ተሰማት፤ እፎይ ብላም አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ውሸቷ ከቁስሉ ይልቅ ያማት ጀመር። ሀጃን ደግሞ ትወዳቸዋለች፤ ያን ሁሉ ቀን ሾርባ በማንኪያ ያጠጧት እሳቸው ናቸው። እውነቱን ከተናገረች ሥራዋም እኚህ እናትም ሊቀሩባት ነው።

ፓስፖርቱን ይዛ ወጣችና እግራቸው ሥር ተንበረከከች።

«ሀጃ፣ እኔ መካ መግባት አልችልም። ስሜ የኔነሽ ነው። ክርስቲያን ነኝ።»

ሀጃ ሉጥፊያ ወንበር በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ።

«ስንት ረመዳን አስጾምኩሽ?»

«አምስት።»

«አምስት! ያ ረቢ!» ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ድምፅ አመለጣቸው። ወዲያው ግን ፊታቸው ጨለመ። «ዋሸሽኝ፣ ልጄ። አሁን በዚህ ጉልበቴ ማን ደግፎኝ ይሂድ?»

የኔነሽ፣ ጦይባ አንዴ እዚህ ቤት ከገባች ሀጃ እንደማይለቋት ታውቃለች፤ እጇ ይጣፍጣል፣ ሥራም አይከብዳትም። ስልኳን አወጣችና ደውላ ለሀጃ ዘረጋችላቸው።

«ጦይባ ትባላለች» አለች። «መካን ለማየት ስትመኝ የኖረችው እሷ ናት።»