እታለም የቆለፈችው ፎልደር

ሰው እንቢ ቢለኝ ቢያንስ መልሼ እናገረዋለሁ። ኮምፒዩተር እንቢ ሲለኝ ግን ደሜ ይፈላል። ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ አንድ አሮጌ ፎልደር ለማጥፋት ስታገል፣ ማሽኑ «ይህን ለመሰረዝ ፈቃድ የለዎትም» እያለ ያሾፍብኛል። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ።

ፎልደሩ የታላቅ እህቴ ነው፤ እታለም ነበር የምላት። ሁለት ጠረጴዛ ብቻ በምትይዝ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ጽሕፈት ሠርተናል። ማመልከቻ በሉት፣ ኑዛዜ በሉት፣ የፍቺ ወረቀት በሉት። እሷ ባለጉዳዩ የጫረውን ጮክ ብላ ታነባለች፣ እኔ ታይፕ እመታለሁ። ዝናብ ጣሪያውን ሲደበድበው ድምፅዋን ከፍ ታደርግና፣ አራት ነጥብ ላይ ስትደርስ ጠረጴዛውን በጣቷ ኳ ታደርጋለች። ያ ሁሉ ዓመት ሲያልፍ አንድ ቀን ጎበዝ ብላኝ አታውቅም። ትልቁ ምስጋናዋ «ደህና ነው» ነበር። እውነቱን ልናገር፣ እስክትቀበር ድረስ ቂም ይዤባት ነበር።

ካረፈች አምስት ወሯ ነው። አልጋ ላይ ሆና እጄን ይዛ፣ «ቤቱን ለሌላ ሰው ከማስረከብሽ በፊት የሰዉን ጽሑፍ ሁሉ አጥፊ። አንድም እንዳይቀር፣ የሰው ገመና ነው» አለችኝ። ማልኩላት። ከፎልደሩ ጋር በታገልኩበት ቀን ማግስት የጽሕፈት ቤቱን ከነማሽኑ የምትረከበው ሴት ልትመጣ ነበር፤ የቀረኝ ይኸው አንድ ፎልደር ብቻ ነበር።

ለኮምፒዩተር ጠጋኙ ደወልኩ።

«እማማ፣ እህትዎ በራሳቸው ስም ቆልፈውታል። ማየትም መሰረዝም ከልክለውዎታል» አለኝ።

«እማማ የምትለኝ ስንት ዓመቴ መስሎህ ነው?»

«ይቅርታ፣ እትዬ።»

ለምን እንደከለከለችኝ አላጣሁትም። አንድ ጊዜ ማሽኑን ላጸዳ ብዬ የአንድ ሽማግሌን የሰማንያ ገጽ የቤተሰብ ታሪክ አጥፍቼ፣ ሰውዬው በር ላይ ቆመው አለቀሱ። ከዚያ በኋላ እታለም «ያንቺ ጣት ያየውን ካላጠፋ አያርፍም» አለችኝና ሳምንት ተኮራረፍን።

ጠጋኙ በስልክ መራኝ። በቀኝ ጠቅ፣ ፕሮፐርቲ፣ ሴኩሪቲ፣ ከዚያ ባለቤት የሚለው ላይ የእሷን ስም አንስቼ የራሴን መተካት። ሳትፈቅድልኝ ቀሚሷን ለብሼ የወጣሁ መሰለኝ። ብተካውም ማሽኑ እንደገና እንቢ አለ።

«የውጪውን ብቻ ነው የቀየሩት» አለኝ። «የውስጦቹ አሁንም በእሳቸው ስም ናቸው። ለውስጦቹም ይሁን የሚለው ላይ ምልክት ያድርጉ።»

አደረግሁ። ተራ በተራ ስሟ እየወጣ ስሜ ገባ። «አሁን ይሰርዙት» ብሎኝ ስልኩን ዘጋ።

ሳልሰርዝ አንዱን ከፈትኩት። ማየት አልነበረብኝም፤ ምን ላድርግ፣ የእኔ ነገር።

እርማት ያልገባባቸው የመጀመሪያ ቅጂዎች ናቸው። ማረሙ የእሷ ሥራ ስለነበር አይቻቸው አላውቅም። ስመታ የሰማሁት በቀጥታ ወደ ጣቴ ነው የሚወርደው፣ በጭንቅላቴ አያልፍም። ለካ በመሀል ያወራችውን ሁሉ ደብዳቤው ውስጥ እከተው ነበር። «አባቴ ያወረሱኝ ቦታ በሩን ዝጊው ብርድ ገባ በስሜ እንዲዛወርልኝ» ይላል አንዱ። ሌላው «ክቡር ሆይ እግሬን አመመኝ ዛሬ በጊዜ እንውጣ» ይላል። ብቻዬን ሳቅኩ። ናፍቃኝ ነበር፣ በጣም ናፍቃኝ ነበር፤ ሳቄ ሳያልቅ እንባዬ ቀደመኝ።

ምሳ ሳልበላ ሳነብ ዋልኩ። ማምሻው ላይ አንዲት ሴት ለባሏ ያስጻፈችው ደብዳቤ መጣ። «ልጆቹ አባታችን የት ነው እያሉኝ አዎ ታናሼ ናት እንደሷ የሚመታ በከተማው የለም እሷ ባትኖር ይሄን ቤት አንድ ቀን አልከፍተውም እንዳትነግሪያት ልቧ ያብጥብኛል የምመልሰው ጠፍቶኛል።»

ሴትየዋ ስለ እኔ ጠይቃት፣ እታለም አጠገቤ ተቀምጣ ነው የመለሰችላት። በገዛ ጣቴ መትቼዋለሁ። አልሰማኋትም።

ያቺን የእታለምን ቃል ብቻ ቆርጬ ላስቀር አሰብኩ። ግን አንድም እንዳይቀር ነው ያለችኝ። ደግሞ ራሴን አውቃለሁ፤ አንዷን ካስቀረሁ ሁለተኛዋን አስከትላለሁ፣ ከዚያ ሁሉም ይቀራል፣ የዚያችም ሴት ገመና አብሮ ይቀራል። ፎልደሩን ሰረዝኩት። ከመጣያውም አጠፋሁት። አንድ ደቂቃ እንኳን አልፈጀም።

በነጋታው ተረካቢዋ መጥታ ማሽኑን ከፈተችና ጣቶቼን አየት አደረገች።

«ፈጣን ነበሩ ይሆን?» አለችኝ።

«እህቴ እንደኔ የሚመታ በከተማው የለም ትል ነበር» አልኳት።

ፈገግ አለች፤ ያመነችኝ አልመሰለኝም። የማሳያት ወረቀት የለኝም። ግን እታለም ብላለች።