የማለዳ መርዶ

ጋሽ ወንድይፍራው ጡረታ ቢወጡም ከዩኒቨርሲቲው አልወጡም። ጂንካ ላይ ሲያስተምሩ የጀመሩትን አንድ ሥራ ያለ ደመወዝ ቀጠሉበት፤ ተማሪ በሞተ ቁጥር ለቤተሰቡ የሚያረዱት እሳቸው ነበሩ።

"መርዶ በስልክ? ነውር አይደለም እንዴ!" ብለው ተቆጥተው የስልኩን አስቀርተውታል። ቅርብ ገዘርም ይሁን ሩቅ ኦሞራቴ ከሽማግሌዎች ጋር ይሄዳሉ፤ ጎህ ሲቀድ በር ያንኳኳሉ። ለወጣቶቹ መምህራንም ደጋግመው ይነግሯቸዋል፦ "ቆሞ መርዶ የሰማ ይወድቃል። ምንም ከመናገራችሁ በፊት ሰውየውን አስቀምጡት።"

አንድ ማለዳ የራሳቸው በር ተንኳኳ። ሲከፍቱ የጥንት ተማሪያቸው፣ የዛሬው ዲን ዮናስ፣ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ደጃፉ ላይ ቆሟል። የዩኒቨርሲቲውም መኪና ውጭ ይጠብቃል።

"አይ፣ ደግሞ ልጅ ሞተብን?" አሉ ጋቢያቸውን እየደረቡ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ተዋበች እንደ ልማዳቸው ለመንገድ የሚሆን ቆሎ ሊቋጥሩላቸው ወደ ጓዳ ገቡ።

"ሩቅ ካልሆነ ቶሎ እንመለስ። ልጄ ሰምሃል ትናንት ከሐዋሳ ተነስታለች፤ ዛሬ ትገባለች። ለመሆኑ የማን ልጅ ነው፣ ዮናስ?"

ዮናስ ከግድግዳው ሥር ያለውን በርጩማ አንስቶ ከፊታቸው አኖረና ክንዳቸውን ያዘ።

"ጋሼ፣ እስኪ መጀመሪያ ይቀመጡ።"

ጋሽ ወንድይፍራው በርጩማውን ትክ ብለው አዩት። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ከጓዳ የቆሎው ድምፅ ይሰማል።

"ተዋቡ" ብለው ተጣሩ፣ ቀስ ብለው፤ "ቆሎውን ተይውና ነይ፣ አጠገቤ ተቀመጪ።"