ሪባኑ ሳይቆረጥ

ደግሞ ቀለሙ፣ ማን ነው ትናንት የሕፃናቱን ክፍል ቀቡ ያለው፣ ሳንባቸው የታመመ ልጆች የሚተኙበትን ክፍል፣ ሽታው ጉሮሮዬ ላይ ተጣብቆ አልወርድ አለኝ፣ በላዩ ላይ ሽቶ ረጭተውበታል፣ ቀለምና ሽቶ፣ ሊያስመልሰኝ ነው። ይሁን። እንግዳ ይመጣል። ውርጌሳ ደርሰዋል ይላል ኤርሚያስ ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ፣ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ፣ ከረባት አስሮ አይቼው አላውቅም፣ ዛሬ አንገቱን አንቆት ላብ በላብ ሆኗል፣ ውርጌሳን አልፈዋል፣ እኛ ጋ መርሳ ሊገቡ ነው፣ መቅደላ ጋውንሽን ቀይሪ እንጂ ይለኛል። ቀይሬያለሁ። ነርስ ነኝ ወይስ ሙሽራ።

በሩ ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹን ፀሐይ ላይ አሰልፈዋቸዋል፣ ባነር አስይዘው፣ ማንም ሕፃን በሕክምና እጦት አይሞትም ይላል ባነሩ፣ ከየቀበሌው ተለቅመው የመጡ ናቸው፣ እና ቀበሌው ዛሬ ማንን ይጥራ፣ ይኼን የሚጠይቅ የለም፣ መጠየቅም ነውር ሆኗል።

አንዲት እናት እነሱን ሰንጥቃ ገባች። ሐፍሳ እባላለሁ አለችኝ፣ ከግራና ማዶ ነኝ፣ ልጇን በሻሿ ጠቅልላ፣ ሰይፈዲን፣ ገና መዳህ የጀመረ። ሲስተር፣ ሲያቃስት አደረ፣ ጤና ኬላችን ወሰድኩት፣ ተቆልፏል፣ ልጅቱ ለእንግዳ ወርዳለች አሉኝ። ልጅቱ። ያቻት፣ የባነሩን ጫፍ ይዛ፣ ሐፍሳን ስታይ አንገቷን ደፋች። እሷን ምን ልበላት፣ ነይ ተብላ መጣች።

ሻሹን ገለጥኩት፣ አፍንጫው ይነፋል፣ ጎኑ ይሰረጉዳል፣ ከንፈሩ ጠቁሯል፣ የሳንባ ምች ነው፣ የከፋው ዓይነት። መርፌውን ወጋሁት፣ ጣቱ ላይ መለኪያውን ሰካሁ፣ ኦክስጅኑ ወርዷል፣ በጣም ወርዷል። የኦክስጅን ሲሊንደሩ ባዶ። ሰሞኑን ይሞላል ይሉናል፣ ሰሞኑን፣ ይኼ ሰሞን የሚባል ነገር የት አገር ነው የሚገኘው። ወደ ወልድያ ሆስፒታል ልላከው፣ አምቡላንሱስ፣ አምቡላንሱ እንግዳ ሊቀበል ወጥቷል፣ ከፊት ከፊት እየጮኸ ሊያስገባቸው፣ እግዚኦ፣ ደህና ሰዎችን ይዞ የሚጮህ አምቡላንስ።

እና ማሽኑ። ጥግ ላይ ቆሟል፣ አዲሱ የኦክስጅን ማሽን፣ አየሩን ራሱ ስቦ የሚያጣራው፣ ሲሊንደር የማይፈልገው፣ ከነላስቲኩ፣ ሆዱ ላይ ቀይ ሪባን ታስሮለት፣ ከመጣ ስንት ጊዜው፣ የሚመርቀው ባለሥልጣን ሲጠበቅለት፣ በዚህ መሀል ስንት ትንፋሽ። አልቆጥርም። ብቆጥር አብዳለሁ።

ልከፍተው ነው አልኩት ኤርሚያስን። ሪባኑ ሳይቆረጥ፣ አለኝ። ልጁን አታየውም እንዴ አልኩት። አየሁት፣ ግን እንግዶቹ የሚመጡት ለዚሁ ነው፣ ትንሽ ታገሺ፣ እኔም እኮ ከበላይ ነው የታዘዝኩት። ከበላይ። ዓይኑን እያየሁት ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም እኮ፣ በጦርነቱ ጊዜ ጣቢያው ተዘርፎ ባዶ ግድግዳ ሲቀር በገዛ ደመወዙ ፓራሲታሞል የገዛ ሰው ነው፣ እና ይኼው፣ ይኼ ነው የሚያቅለሸልሸኝ፣ መጥፎ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ላስቲኩን በጥርሴ ቀደድኩት። ሪባኑን ፈትቼ ወለሉ ላይ ጣልኩት። ሶኬት፣ መብራት አለ፣ ተመስገን ዛሬ እንኳን አለ፣ ለእንግዳ ሲባል አይጠፋም ማለት ነው፣ ማሽኑ ማጉረምረም ጀመረ፣ ቀጭኗን ቱቦ አፍንጫው ላይ አደረግኩ፣ ሐፍሳ፣ እቀፊው፣ ቀና አድርጊው፣ አብሽሪ። ያ አላህ፣ ያ አላህ፣ ትላለች ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ። ጠብቂ። ጠብቂ። ከንፈሩ፣ አዎ፣ ጥቁረቱ እየሸሸ ነው።

የአምቡላንሱ ጩኸት። ደረሱ።

ክፍሉ በአንዴ ሞላ፣ ሱፍ፣ ካሜራ፣ ጫማ፣ እጁን የታጠበ ማንም የለም። ትልቁ ሰውዬ ፊቱ ገራም ነው፣ ድምፁ የሬዲዮ፣ በሕፃናት ሞት ቅነሳ ረገድ የተመዘገበውን አበረታች ውጤት አጠናክሮ ለማስቀጠል ምናምን፣ ከዚያ ማሽኑን አየ፣ እንዴት ነው፣ ተመርቋል እንዴ። ካሜራ የያዘው ልጅ ሪባኑን ከመሬት አነሳ። ሰውዬው ወደ እኔ ዞረ፣ ሲስተር፣ ለአንድ አፍታ ቱቦውን ከሕፃኑ ላይ ብታነሺልን፣ ሥነ ሥርዓቱ እንደተጠናቀቀ ትመልሺዋለሽ።

ለአንድ አፍታ። በትሕትና ነው የሚለው፣ ፈገግ ብሎ። እጄን ቱቦው ላይ አደረግኩ፣ ላነሳው አይደለም፣ እንዳይነሳ፣ አይሆንም አልኩ፣ ድምፄ ግን ለራሴም አልተሰማኝም፣ ኤርሚያስ መቅደላ ይላል፣ መቅደላ።

ሐፍሳ ናት የተናገረችው። ልጇን እንዳቀፈች፣ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። አባቴ፣ አንቱ ትልቅ ሰው ነዎት፣ ጨርቁን ከእኔ ክንድ ላይ እሰሩትና ቁረጡት፣ ልጄን ተዉልኝ።

ማፈር የሚባል ነገር ካለ አሁን ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። ጥሩ ሐሳብ ነው አለ ካሜራ የያዘው፣ እንዲያውም እናትየዋ ብትኖርበት ያምራል። እና አሰሩት። ወላዲቱን እመቤቴን፣ አሰሩት፣ አንዱን ጫፍ አንጓዋ ላይ፣ ሌላውን አልጋው ብረት ላይ፣ መቀስ በትሪ መጣ፣ ቆረጡ፣ አጨበጨቡ፣ ሰይፈዲን በጭብጨባው ደነገጠ፣ ሐፍሳ ጆሮውን በመዳፏ ሸፈነችለት። ሰውዬው ወደ ካሜራው ዞሮ ይኸው አለ፣ ፖሊሲያችን መሬት ሲወርድ ይኼን ይመስላል።

ምራቄን ዋጥኩ። የመረረ ነገር ነበር፣ ዋጥኩት።

አሁን ሄደዋል፣ ወደ ምሳቸው፣ የጥብሱ ሽታ ከስብሰባ አዳራሹ እስከዚህ ይመጣል፣ ከቀለሙ ጋር ተቀላቅሎ፣ በሕይወቴ ጥብስ የምበላ አይመስለኝም። ኤርሚያስ በሩ ላይ ቆሞ ነገ ቢሮ ትመጫለሽ አለኝ፣ ስላደረግሽው ማብራሪያ ይፈለጋል። እሺ አልኩት። ሌላም ሊለኝ ፈልጎ ነበር፣ ከረባቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተና ሄደ።

ሲስተር፣ ነይ እይው፣ ትላለች ሐፍሳ። ትንፋሹ ረገብ ብሏል፣ አፉ ጡቷን እየፈለገ ነው፣ ያዘ፣ ለቀቀ፣ ያዘ። አልሐምዱሊላህ፣ ጠባ።

ጠባ። አንድ ልጅ። መስኮቱን እከፍታለሁ፣ አየር ይግባ፣ ይኼ ሽታ ይውጣ፣ እና ከመንገዱ ማዶ፣ ግራሩ ሥር፣ እናቶች ተቀምጠዋል፣ ልጅ ያቀፉ፣ ልጅ ያዘሉ፣ ለካ ዘበኛው ዛሬ እንግዳ አለ ነገ ኑ ብሎ ከበር መልሷቸዋል፣ አልሄዱም፣ ወዴት ይሄዳሉ፣ አንዷ የሚያስለውን ልጇን ጀርባ ትመታለች፣ እዚህ ድረስ ይሰማኛል፣ ያን ሳል አውቀዋለሁ፣ ጋውኔ ቀለም ነክቶታል፣ ይንካው፣ ባነሩ መሬት ላይ ተጥሏል፣ እረግጠዋለሁ፣ አስፋልቱን እሻገራለሁ፣ ባጃጁ ጥሩምባ ይነፋብኛል፣ ተነሡ እላቸዋለሁ፣ ግቡ፣ የሚያስለው ይቅደም።